ለሆስፒታልና ለክሊኒክ ዲዛይን ታካሚና ነርስ ስናሳትፍ የቱን መሳሪያ እንምረጥ? ፕላን፣ ስሪዲ፣ ቪአር ወይስ ካርቶን

አንድ ጊዜ የአንድ ዋርድ ፕላን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ነርሶቹን ምን ይመስላችኋል ስንላቸው ሁሉም "ጥሩ ነው፣ ሰፋ ያለ ነው" አሉን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ዋርድ ላፕቶፕ ላይ በስሪዲ (ውስጡ እየተዘዋወሩ በሚያዩት የኮምፒውተር ሞዴል) ከፍተን ከመሃላቸው አንዷን፣ የማታ ተረኛ ነበረች፣ "እስቲ የነርሶች ጠረጴዛ ጋ ቁጭ በይ" አልናትና ካሜራውን ስትቀመጥ ዓይኗ በሚሆንበት ከፍታ ላይ አደረግነው። አፍታም አልቆየች፣ "እንዴ! አራተኛውን አልጋ አላየውም እኮ፣ ሌሊት ብቻዬን ስሆን እዛ የተኛው ሰው ቢወድቅ በምን አውቃለሁ?" አለች። ግድግዳው ከመጀመሪያውም ፕላኑ ላይ ነበረ፣ ማንም አልደበቀውም፣ ዓይኗም አርፎበታል፣ ግን መስመር ሆኖ ሲታይና ግድግዳ ሆኖ ሲጋርድ በጣም ይለያያል።

ይሄን የማነሳው ስሪዲ ከወረቀት ይበልጣል ልላችሁ አይደለም። ያን ቀን የሰራልን ካሜራው እሷ ዓይን ላይ መቀመጡና ጥያቄው እሷ በየሌሊቱ የምትሰራው ስራ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው "የትኛውን ቪአር እንግዛ?" ብሎ ይጀምራል (ቪአር ማለት ሄድሴት የሚባል ዓይን የሚሸፍን መነጽር አድርገው ሞዴሉ ውስጥ የገቡ ያህል የሚያዩበት ነው)፣ እኔ ግን መሳሪያ መጨረሻ ላይ ነው የሚመረጠው ባይ ነኝ። መጀመሪያ ማወቅ የፈለጋችሁት ምንድነው፣ ቀጥሎ መልሱን የሚያውቀው ሰው ማነው፣ ከዛ ደግሞ (ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይሄ ነው) መልሱ ሲመጣ ዲዛይኑ ገና መቀየር ይችላል ወይ። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ታካሚ ጠርቶ ሄድሴት አልብሶ ማስጎብኘት ማሳተፍ አይደለም፣ ጉብኝት ነው። ሼሪ አርንስታይን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 የዜጎችን ተሳትፎ ባለ 8 እርከን መሰላል አድርጋ አስቀምጣዋለች፣ ታች ያሉት ሁለቱ ጭራሽ ተሳትፎ አይደሉም፣ መሃል ላይ ያሉት ሶስቱ (መረጃ መስጠት፣ ማማከር፣ ማባበል) የይስሙላ ናቸው፣ ላይ ያሉት ሶስቱ ናቸው ሰውዬው እውነት የሚወስንባቸው። መሳሪያ ስትመርጡ ይሄን መሰላል ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያዙት፣ ምክንያቱም እጅግ ውድ የሆነው መሳሪያ "መረጃ መስጠት" ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል፣ መቀስና ወረቀት ደግሞ ላይኛው እርከን ሊያደርሳችሁ ይችላል።

እንግዲህ አንድ በአንድ እንያቸው።

ፕላን፣ በወረቀትም በፒዲኤፍም

አትናቁት። "ምን ከምን አጠገብ ይሁን" ለሚል ጥያቄ እስካሁን ከፕላን የተሻለ አላየሁም። ላብራቶሪው ከድንገተኛ ክፍል ምን ያህል ይራቅ፣ ያገለገለ አንሶላ በየት በኩል ይውጣ፣ አስከሬን ታካሚዎች በሚያልፉበት ኮሪደር ነው ወይ የሚያልፈው፣ እነዚህን ከላይ ወደ ታች ሲያዩት ነው ደህና አድርጎ የሚታየው። አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፣ የታተመ ፕላን አቅርባችሁ "አስተያየት ስጡ" ከማለት ክፍሎቹን በስኬል ቆራርጣችሁ ባዶ ወረቀት ላይ ሰዎቹ ራሳቸው ይደርድሯቸው፣ ኦንላይን ከሆነም ሚሮ በሚባለው የጋራ ሰሌዳ ላይ እንደሚንቀሳቀስ ካርድ አስቀምጡላቸው። ክፍሉን በእጁ ያነሳ ሰው የት እንደሚያስቀምጠው ያስባል፣ የተሰመረ ነገር ያየ ሰው ግን ባለሙያ ጨርሶታል ብሎ ዝም ይላል።

የፕላን ችግሩ የማይገባው ሰው "አልገባኝም" አለማለቱ ነው። "ጥሩ ነው" ነው የሚላችሁ፣ እናንተም ቃለ ጉባኤ ላይ "ተስማምተዋል" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ፕላን ማንበብ የተማሩት ነገር ነው፣ እኛ አምስት ዓመት ስለተማርነው ማንም የሚያነበው ይመስለናል። ስለዚህ ከፍታ፣ እይታ፣ ብርሃን፣ ጥበት የሚመለከት ጥያቄ በፕላን አትጠይቁ፣ መልስ ታገኛላችሁ ግን የምትይዙት መልስ አይሆንም።

ኦንላይን ፎርምና የጋራ ሰሌዳ

ጉግል ፎርም፣ የቴሌግራም ፖል፣ ሚሮ ምናምን። ጥቅሙ ስብሰባ የማይመጣውን ሰው ማግኘቱ ነው፣ የማታ ተረኛውን፣ ህክምናውን ጨርሶ ቤቱ የገባውን፣ ሐኪሙ ፊት መናገር የሚፈራውን። ስም ሳይጽፉ መመለስ መቻሉ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፣ የጤና ተቋም ውስጥ ተዋረድ ከባድ ነው፣ ስፔሻሊስቱ "ይሄ ክፍል በቂ ነው" ካለ በኋላ አጠገቡ የቆመችው ጀማሪ ነርስ አይበቃም አትልም። በፎርም ግን ትላለች።

ግን ፎርም የሚሰጣችሁ እናንተ የጠየቃችሁትን ብቻ ነው። "ተራ መጠበቂያው ምቹ ነው?" ከ1 እስከ 5 ብላችሁ 2 ቢመጣ ምን ታደርጉበታላችሁ? እኔ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት አሁን ያለውን ቦታ ፎቶ ወይም ፕላን አስቀምጦ ሰዉ "እዚህ ጋ ጠፋሁ"፣ "እዚህ ጋ ቆሜ ጠበቅኩ"፣ "እዚህ ጋ ስሜ ሲጠራ አልሰማሁም" እያለ ፒን እንዲተክልበት ማድረግ ነው። ፒኖቹ አንድ ማዕዘን ላይ ሲከማቹ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ይሄ ግን ዲዛይን ከመጀመሩ በፊት የሚሰራ ነው፣ ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ አይደለም። ደሞ ስማርትፎን የሌለውን፣ ማንበብ የሚያስቸግረውን፣ ዓይኑ የደከመውን ሰው ሙሉ በሙሉ ትቶ ነው የሚሄደው፣ እነሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጤና ተቋም የሚመላለሱት ሰዎች ናቸው። ፎርም ብቻ ተጠቅሞ "ታካሚዎችን አሳትፈናል" ማለት አይቻልም።

የስልክ ቪዲዮ

ይሄን እንደ ዲጂታል መሳሪያ የሚቆጥረው ሰው ትንሽ ነው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ፖል ቤትና ግሌን ሮበርት የተባሉ ተመራማሪዎች ልምድን መነሻ ያደረገ የጋራ ዲዛይን ብለው ያዳበሩት አካሄድ አለ፣ መጀመሪያ የተሞከረው የጭንቅላትና አንገት ካንሰር ታካሚዎች ላይ ነው። ታካሚው የደረሰበትን በራሱ አፍ ሲናገር ይቀረጻል፣ ተቆርጦ አጭር ፊልም ይሆናል፣ ከዛ ሰራተኞቹና ታካሚዎቹ አንድ ላይ ቁጭ ብለው ያዩታል፣ ካዩ በኋላ ነው ምን እናስተካክል የሚለው የሚነሳው። ምንም ውድ ነገር የለውም። "ውጤቴን የነገሩኝ ሰው በሚያልፍበት ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከታካሚ አፍ ሲወጣ "ለብቻ ማነጋገሪያ ክፍል ያስፈልጋል" ብሎ ሃያ ገጽ ሪፖርት ከመጻፍ ይበልጣል፣ በጀት የሚወስነው ሰው ሪፖርቱን ባያነብም ቪዲዮውን ያየዋል። ፈቃድ ግን በጽሁፍ ተቀበሉ፣ ሀሳቤን ቀይሬያለሁ ያለ ሰው ቪዲዮው እንዲጠፋለት፣ ታካሚውም እየታከመ ባለበት ተቋም ላይ ቅሬታ ሲናገር ህክምናው ላይ ምንም እንደማይደርስበት እርግጠኛ ሁኑ።

ስሪዲ በስክሪን

ለአብዛኛው ፕሮጀክት የሚበቃው ይሄ ነው ብዬ ነው የማምነው። ሶፍትዌሩ ስኬችአፕ፣ ሬቪት ላይ ኤንስኬፕ፣ ትዊንሞሽን፣ ማንኛውም ይሁን፣ ፕሮጀክተር ወይም ትልቅ ቲቪ ካለ ስድስት ሰባት ሰው አብሮ ያያል፣ አብሮ ይከራከራል፣ አንዱ የሌላውን እያነሳ ይናገራል። ግን ሶስት ነገር ካላስተካከላችሁ ሲኒማ ይሆናል።

አንደኛው የካሜራው ከፍታ ነው። ሶፍትዌሮቹ ሲከፈቱ ካሜራው በቆመ ጎልማሳ ዓይን ከፍታ ላይ ነው፣ 1.6 ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ዓይኑ 1.2 ሜትር አካባቢ ነው፣ ህጻን ደግሞ ከዛም ዝቅ ይላል። የመረጃ ክፍሉ መስኮት ከፍ ብሎ ከስሩ ያለው ግድግዳ ከሆነ ከ1.2 ሜትር ስታዩት የሚታያችሁ ግድግዳ ነው፣ ሰራተኛዋ አትታይም። የተኛ ታካሚ ጋ ደግሞ ነገሩ ሙሉ ለሙሉ ይቀየራል፣ ካሜራውን ትራሱ ላይ አድርጋችሁ ወደ ላይ አዙሩት፣ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ጣራ ነው፣ ጣራው ላይ ያለው መብራት በቀጥታ ዓይኑ ውስጥ ነው የሚገባው። ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጣው ጥናት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ህክምና የተደረገላቸውን 46 ታካሚዎች ሲያወዳድር በመስኮት ዛፍ የሚታያቸው የጡብ ግድግዳ ከሚታያቸው ቀድመው ወጥተዋል፣ በአማካይ 7.96 ቀን ከ8.70 ቀን ጋር፣ ጠንካራ የህመም ማስታገሻም ያነሰ ነው የወሰዱት። ይሄን ጥናት ጠቅሶ ትልቅ መስኮት የሚስል አርክቴክት ብዙ ነው፣ ካሜራውን ትራስ ላይ አስቀምጦ ዛፉ እውነት ከተኙበት ይታያል ወይ ብሎ የሚያረጋግጠው ግን ጥቂት ነው። የመስኮቱ ደፍ ከፍ ካለ የቆመ ጠያቂ ዛፉን ያያል፣ የታመመው ሰው ሰማይ ብቻ።

ሁለተኛው ማውሱን የያዘው ማነው የሚለው ነው። እናንተ ከያዛችሁት የምታስጎበኙት የምትኮሩበትን ቦታ ነው፣ ሳታውቁት። "ከበር ገብተው መርፌ እስኪወጉ ድረስ ያለውን ይውሰዱኝ" ብላችሁ ለታካሚው አቅጣጫውን ተዉለት፣ ማውስ የማይለምድ ከሆነ እሱ "ወደ ግራ፣ ቁም፣ ተመለስ" ይበል እናንተ እጅ ሁኑት። ሲጠፋ አታርሙት፣ የጠፋበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፣ እዛ ቦታ ላይ ነው ዲዛይኑ ያልሰራው።

ሶስተኛው ስዕሉ አለማማሩ ነው፣ ያልተቀባ ይሁን ማለቴ ነው። ፀሐይ የገባበት፣ እንጨቱ የሚያብረቀርቅ፣ ፈገግ ያሉ ሰዎች የቆሙበት ምስል ካቀረባችሁ ሰው ወይ ያጨበጭባል ወይ ስለ ወለሉ ቀለም ይነግራችኋል። ያለቀ ስለሚመስለው ሊነካው አይደፍርም። ግራጫ ሞዴል፣ ሸካራ፣ የእርሳስ የሚመስል መስመር ያለው ነገር ስታሳዩት ግን "ይሄን በር ወዲህ ብታደርጉትስ" ይላችኋል፣ እዛው ፊቱ ብታንቀሳቅሱለት ደግሞ ያን ቀን ስብሰባው ይቀየራል። ቀለምና እቃ የሚለው ጥያቄ ጊዜው ሲደርስ ነው ያማረው ምስል የሚመጣው።

በነገራችን ላይ ስልክ ላይ የሚከፈት 360 ዲግሪ ምስል የሚባለውን አትርሱ። ከስሪዲው አውጥታችሁ በሊንክ ትልኩታላችሁ፣ ሰውዬው አልጋው ላይ ተኝቶ ስልኩን እያዞረ ክፍሉን ያያል። መራመድ አይቻልም፣ አንድ ቦታ ቆሞ ማየት ብቻ ነው፣ ግን ስብሰባ መምጣት ለማይችል ታካሚ በጣም ትልቅ ነገር ነው።

ቪአር

ስለ ቪአር ብዙ የምለው አለኝ ምክንያቱም በጣም እወደዋለሁ፣ በጣምም ሲበላሽ አይቻለሁ።

የሚበልጥበት ነገር አለ፣ ልክን በገላችሁ ትረዱታላችሁ። ቀዶ ህክምና ክፍል ውስጥ ከጣራው የሚንጠለጠለው መብራት ግንባር ይመታል አይመታም፣ ስክሪኑን ለማየት አንገት ስንት ይዞራል፣ ማዋለጃ ክፍሉ በር ሲከፈት አልጋው ላይ ያለችው እናት ከኮሪደር ትታያለች ወይ፣ ይሄን ስክሪን ላይ መገመት ነው፣ ቪአር ውስጥ አንገታችሁን ታዞራላችሁ አለቀ። አንዲት አዋላጅ ሄድሴቱን አድርጋ አልጋው አጠገብ እንደቆመች እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች፣ ሳታየው፣ ጓንቱ ሁሌ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ። እጇ ባዶ ላይ ቀረ። ጓንቱን ክፍሉ ማዶ ነበር ያስቀመጥነው። በቃል ብንጠይቃት "ጓንት ከኋላዬ ይሁን" አትለንም ነበር፣ ምክንያቱም እጇ ነው የሚያውቀው እንጂ እሷ አስባው አታውቅም።

አሁን ደግሞ ችግሮቹ። ቪአር ውስጥ ሰው ርቀትን ከእውነተኛው አሳንሶ ነው የሚገምተው፣ ይሄ በብዙ ጥናት የታየ ነገር ነው፣ በአዲሶቹ ሄድሴቶች ተሻሽሏል ግን አልጠፋም። ስለዚህ "ጠባብ ነው" ሲሏችሁ ወዲያው ግድግዳ አታንቀሳቅሱ፣ በሜትር ወለል ላይ ለክታችሁ አረጋግጡ። ደሞ ብዙዎቹ ሄድሴቶች ወደ 100 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚያሳዩት፣ ሰው በሁለት ዓይኑ ወደ 200 የሚጠጋ ነው የሚያየው፣ ነርስ ታካሚዎቿን በዓይኗ ጠርዝ ነው የምትጠብቃቸው፣ ያ ጠርዝ ሄድሴት ውስጥ የለም። "አላየሁትም" ስትላችሁ ግድግዳው ጋረዳት ወይስ ሄድሴቱ የሚለውን መለየት የናንተ ስራ ነው።

ማቅለሽለሽ አለ። ዓይን ሄድኩ እያለ ገላ ቆሜያለሁ ሲል ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ በጆይስቲክ አታንሸራሽሯቸው፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ በመዝለል ይሂዱ፣ የሚዞር ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ይበቃል፣ ሞዴሉ ከብዶ ምስሉ የሚቆራረጥ ከሆነ ጭራሽ አትጀምሩ። ለብቻው የሚሰራ ሄድሴት (ኩዌስት ዓይነቱ) ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር የስልክ ያህል ነው፣ ሙሉ የሆስፒታል ሬቪት ፋይል አይችልም፣ አንድ ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ አቅልላችሁ ጫኑ ወይም ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ካለው ኮምፒውተር ጋር አገናኙት። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ማዞር ያለበት፣ ቅርብ ጊዜ ጭንቅላቱ ወይ ዓይኑ ላይ ቀዶ ህክምና የተደረገለት ሰው አይሞክር፣ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ፣ አታሳፍሯቸው፣ ሌላ መንገድ አዘጋጁላቸው። አንድ አዛውንት እናት ሄድሴቱን ሲያደርጉላቸው ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘው "ልጄ፣ እዚሁ አለህ?" ሲሉ ሰምቻለሁ፣ አውልቀንላቸው በቲቪ አሳየናቸው፣ ከሁሉም በላይ ጠቃሚ ነገር የነገሩን እሳቸው ናቸው፣ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ድረስ መደገፊያ የሌለበትን ሁለት እርምጃ ያገኙት እሳቸው ናቸው።

ሌላው ትልቁ ድክመት ብቸኝነቱ ነው። አንዱ ውስጥ ገብቶ ሌላው ውጭ ቆሞ ወረፋ ይጠብቃል፣ ጭውውት የለም። የሚያየውን ቲቪ ላይ ካስተላለፋችሁ ትንሽ ይሻላል። ግድግዳው ራሱ ስክሪን የሆነ ኬቭ የሚባል ክፍል አለ፣ ቺካጎ በሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተሰርቶ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው ለህዝብ የቀረበው፣ ብዙ ሰው አብሮ ይገባበታል፣ ግን ዋጋውም ቦታውም ከባድ ስለሆነ ዩኒቨርሲቲ ካላገዛችሁ አታስቡት።

ንጽህና ደግሞ የጤና ተቋም ውስጥ ስለሆናችሁ ቀልድ የለም። የሚጣል የፊት መሸፈኛ፣ በየሰዉ መሃል መጥረግ፣ የሚጠረግ የቆዳ ዓይነት ፊት ንጣፍ (የጨርቁን አውጡት)፣ የተቋሙን የኢንፌክሽን መከላከል ኃላፊ ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ በየትኛው ኬሚካል እንደሚጠረግ እነሱ ይወስኑ፣ ሌንሱን በአልኮል አትንኩት።

ካርቶንና ቴፕ

ዲጂታል አይደለም፣ አውቃለሁ፣ ግን ከሱ ጋር ሳይወዳደር ምርጫው ሙሉ አይሆንም። ስካንዲኔቪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ዩቶፒያ በሚባል ፕሮጀክት የጋዜጣ ማተሚያ ሰራተኞች ገና ያልነበረን የኮምፒውተር መሳሪያ ከተመራማሪዎች ጋር አብረው ሲነድፉ ባዶ ካርቶን አስቀምጠው "ሌዘር ፕሪንተር" ብለው ጽፈውበት ስራቸውን እየሰሩ ሞክረውታል። ዛሬም የሆስፒታል ክፍል ላይ ይሄ ዘዴ ይሰራል፣ ባዶ አዳራሽ ወለል ላይ የክፍሉን ልክ በቴፕ አስምሩ፣ እውነተኛ አልጋ አምጡ፣ ካርቶን ቁም ሳጥን አቁሙ፣ ከዛ "ታካሚው ልቡ ቆሟል፣ ስሩ" በሉ። አምስት ሰው፣ ስትሬቸር፣ የድንገተኛ ጋሪ ሲገባ ማን ከማን እንደሚጋጭ በደቂቃ ውስጥ ታያላችሁ። የሆስፒታል አልጋ ከ2 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ሲጎተት ደግሞ የሚጎትተው ሰው አለ፣ ከጎኑ ግሉኮስ የሚይዝ ሰው አለ፣ ቪአር ውስጥ አልጋ ክብደት የለውም ቢጋጭም አይጋጭም። ዊልቸር ለመዞር በክብ 1.5 ሜትር አካባቢ ይፈልጋል ሲባል ቁጥሩን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሽንት ቤት ውስጥ በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት ያ ክብ ምን እንደሚሆን ግን እውነተኛ ዊልቸር ሲገባበት ነው የሚታየው።

ድክመቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው የሚሞከረው፣ ቦታ ይፈልጋል፣ ጉልበት ይፈልጋል። ሙሉ ህንጻ አይሰራበትም። እኔ ግን ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ክፍል ካለ (የታካሚ ክፍል፣ የምርመራ ክፍል) ገንዘቡን ከሄድሴት ላይ ቀንሼ እዚህ ላይ ነው የማውለው፣ ምክንያቱም አንድ ስህተት ስልሳ ጊዜ ነው የሚገነባው።

ሲሙሌሽንና የቀሩት

ወረፋን በኮምፒውተር የሚያስመስሉ ሶፍትዌሮች አሉ፣ በሰዓት ስንት ሰው ይመጣል፣ ስንት መስኮት አለ፣ የት ይጠራቀማል። ጥያቄያችሁ "ስንት የምርመራ ክፍል ይበቃል" ከሆነ ሌሎቹ አይመልሱላችሁም፣ ይሄ ይመልሳል። ግን ውስጡ የሚገባው ቁጥር ከወረቀት ላይ ከተወሰደ ውሸት ይወጣል፣ ካርድ የምታወጣዋን ሰራተኛ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ የሚንቀሳቀሱትን ነጥቦች አሳዩዋት፣ "ሰው እንዲህ አይሄድም፣ መጀመሪያ እዚህ መጥቶ ይጠይቀኛል፣ ከዛ ይመለሳል" ትላችኋለች፣ ያ ነው ተሳትፎው።

ህጻናት ታካሚዎች ካሉ ማይንክራፍትን፣ ብሎክ እየደረደሩ የሚገነቡበትን የኮምፒውተር ጨዋታ፣ አስቡበት። የተባበሩት መንግስታት የከተማና የመኖሪያ ድርጅት ዩኤን ሃቢታትና የጨዋታው ሰሪ ሞጃንግ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ብሎክ ባይ ብሎክ በሚል ነዋሪዎች የህዝብ ቦታዎችን በዚህ ጨዋታ እንዲነድፉ አድርገዋል፣ የህጻናት ዋርድ መጫወቻም ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ ልጁ ከኛ ቀድሞ ያውቀዋል። በስልክ ካሜራ የእጅ መታጠቢያውን ወይ አልጋውን ባለው ክፍል ላይ አስቀምጦ የሚያሳየው ኤአር ደግሞ ለእድሳት ስራ አሪፍ ነው፣ ለአዲስ ህንጻ ግን ብዙም አይጠቅምም።

ድምፅ ላይ ሁሉም ደካማ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ በታካሚ ክፍል ውስጥ ሌሊት በአማካይ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል፣ ይሄ ሹክሹክታ ያህል ነው፣ ስሪዲውም ቪአሩም ግን ዝም ያለ ሆስፒታል ነው የሚያሳያችሁ። ስለዚህ አሁን ያለው ዋርድ ውስጥ የሌሊቱን ድምፅ በመለኪያ ለክታችሁ (ለናሙና የምትቀዱም ከሆነ የታካሚ ንግግር እንዳይገባ ተጠንቅቃችሁ) ምስሉን ስታሳዩ አብራችሁ አሰሙ።

ታዲያ የቱን?

ገና ቦታው ላይ ምንም ካልተሰመረ ቪዲዮና ፒን የሚተከልበት ፎቶ፣ ከዛ የተቆራረጡ ክፍሎች። በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ እዚሁ ላይ አተኩሩ፣ ሌላው ቢቀር ይሄ አይቅር። የክፍሎቹ ቦታ ከተወሰነ በኋላ ግራጫ ስሪዲ በትልቅ ስክሪን፣ ካሜራው በተኛም በተቀመጠም በቆመም ሰው ዓይን። ዝርዝር ስራ የሚሰራበት ክፍል፣ ቀዶ ህክምና፣ ማዋለጃ፣ አይሲዩ (የጽኑ ህሙማን ክፍል) ከሆነ ቪአር ይገባል፣ ተጠቃሚውም ሰራተኛ ስለሆነ ይችለዋል። ክፍሉ ብዙ ጊዜ የሚደገም ከሆነ ወይም የሚገፋ የሚጎተት ነገር ካለ ቴፕና ካርቶን። ታካሚዎቻችሁ አዛውንት ከሆኑ፣ የመርሳት ችግር ካለባቸው፣ ሄድሴትን እርሱት፣ አሁን ያለውን ክፍል አብረዋችሁ እየሄዱ ያሳዩዋችሁ። ሁለቱን መግዛት ካልቻላችሁና ቪአር ወይስ የሰራተኞችን የስራ ሰዓት ሸፍኖ ስብሰባ ማስገኘት የሚል ምርጫ ላይ ከወደቃችሁ ሰዓቱን ግዙ፣ ነርስ በእረፍት ቀኗ መጥታ በነጻ ዲዛይን እንድትሰራላችሁ መጠበቅ ፍትሃዊ አይደለም፣ ታካሚም የትራንስፖርትና የጊዜውን ካሳ ማግኘት አለበት።

ማንን እንደምትጠሩም ተጠንቀቁ። ሐኪምና ነርስ ሁሌም ይጠራል፣ የጽዳት ሰራተኛ፣ የጥገና ሰራተኛ፣ አስታማሚ ግን ይረሳል። ባልዲዋን የት እንደምታስቀምጥ፣ ቆሻሻ ውሃውን የት እንደምትደፋ ያልተጠየቀች የጽዳት ሰራተኛ የታካሚዎች ሽንት ቤት ውስጥ ነው የምታስቀምጠው፣ ሌላ ምርጫ የላትም። እነሱን ከሐኪሞቹ ጋር አንድ ላይ አታስቀምጧቸው፣ ለብቻ ጥሯቸው፣ እንዲናገሩ።

የሚሰበሰበውን ሀሳብ ደግሞ የት እንደምታስገቡት ቀድማችሁ ወስኑ። ስብሰባ ላይ የተባለ ነገር ማስታወሻ ደብተር ላይ ይቀርና የግንባታ ድሮዊንግ ላይ ሳይደርስ ይጠፋል፣ ይሄ በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር ነው ምክንያቱም ሰዎቹ ነግረውን ነበር። ከቢም (የህንጻውን መረጃ ሁሉ ከያዘ የጋራ ዲጂታል ሞዴል) ጋር የምትሰሩ ከሆነ ቢሲኤፍ የሚባለውን ፎርማት ተጠቀሙ፣ አስተያየቱን ከነካሜራው እይታ ያስቀምጣል፣ አርክቴክቱ ሲከፍተው ነርሷ የቆመችበት ቦታ ላይ ቆሞ ያነበዋል። ቢም ካልሆነም ስክሪንሹትና ኤክሴል ይበቃል፣ ሶስት አምድ ብቻ፣ ምን ተባለ፣ ምን ተደረገ፣ ካልተደረገ ለምን። ሶስተኛው አምድ ባዶ እንዳይቀር። "ቧንቧው የሚያልፍበት ግድግዳ ስለሆነ ማንሳት አልቻልንም፣ በምትኩ ከወገብ በላይ መስታወት አድርገነዋል" ብላችሁ ጽፋችሁ ለጠየቀችው ነርስ ላኩላት፣ ከነምስሉ፣ ካሜራው እሷ በምትቀመጥበት ከፍታ ላይ ሆኖ።